የተጀመረውን ኩዊልት መጨረስ፣ የተከማቸውን ጨርቅ መጠቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጨርቅ ቆራርጦ የሚገጣጥም ሰው ቤት ብትገቡ ሁለት ነገር አታጡም። አንዱ ፊቱ ተሰፍቶ ያለቀ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ፣ ግን አልጋ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሥራ ነው። ሌላው ቁም ሣጥኑን ሞልቶ አልጋ ሥር የገባ ጨርቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚነሱ ናቸው። መልሶቼ ደግሞ ወደ አንድ ሐሳብ ያደላሉ፦ የተከማቸ ጨርቅ የሚቀንሰው የተጀመረው ሲያልቅ ነው፤ አዲስ ሲጀመር አይደለም።

ኩዊልት ከሌላው የአልጋ ልብስ በምን ይለያል?

ሦስት ድርብ ነው። ከላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመው ፊት አለ። መሃል ላይ ሙቀት የሚሰጠው ይገባል። ከታች ገበር ይሆናል፤ ልክ እንደ ኮት ገበር። ሦስቱ በስፌት ወይም በቋጠሮ ተያይዘው፣ ዙሪያው ሲቀመቀም ነው አለቀ የሚባለው። ፊቱ ብቻ ተሰፍቶ ከቀረ፣ ምንም ያህል ቢያምር ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ፊቱን በሳምንት እጨርሳለሁ። ከዚያ ለወራት ይቀመጣል። ለምን?

ስንፍና አይደለም። ፊቱን መገጣጠም ቀለም መምረጥ ነው፣ ደስ ይላል፣ ለውጡም ወዲያው ይታያል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሌላ ዓይነት ነው። ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ክብደት አለው፣ በዚያ ላይ የሚያስፈልገው ነገር እጅ ላይ አይገኝም። ብዙ ሰው የሚቆመው ገበሩ ጋ ነው። ፊቱን ሲጀምር ስለ ገበሩ አላሰበም። ሲጨርስ ሦስት ሜትር ተኩል የሚሆን ጨርቅ ይፈለጋል። ገበያ ወጥቶ እስኪገዛ ድረስ እጁ አዲስ ነገር ይቆርጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ካሬ ከመቁረጣችሁ በፊት ገበሩን፣ የመሃሉን እና የጠርዙን ጨርቅ ለይታችሁ በአንድ ከረጢት አስቀምጡ። ያ ከረጢት ካልተሞላ መቀስ አታንሱ። ከዚህ የበለጠ ያልተጨረሰ ሥራ የሚቀንስ ዘዴ አላውቅም።

ያልተጨረሱ አራት አምስት አሉኝ። ከየትኛው ልጀምር?

ለማለቅ ከቀረበው። በጣም ከምትወዱት አይደለም፣ መጀመሪያ ከተጀመረውም አይደለም። ጠርዙ ብቻ የቀረ ካለ ዛሬ ማታ እሱን አውጡ። አንድ ነገር አልቆ አልጋ ላይ ሲነጠፍ የሚሰጠው ጉልበት የሚቀጥለውን ይጎትተዋል።

የሰለቻችሁም ይኖራል። እሱን በተጀመረበት መጠን የመጨረስ ግዴታ የለባችሁም። የሁለት ሰው አልጋ ብላችሁ የጀመራችሁት ስልሳ ካሬ ላይ ከቆመ፣ ስልሳው ለሶፋ ወይም ለልጅ መጫወቻ ምንጣፍ ይበቃል። እዚያው ላይ ዝጉት። ጭራሽ የማትወዱትን ደግሞ መስፋት ለሚወድ ሰው ስጡ። ቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሁልጊዜ ከሚወቅሳችሁ እሱ ቢሠራበት ይሻላል።

አንድ የአልጋ ልብስ ስንት ሜትር ጨርቅ ይወስዳል?

150 በ195 ሴንቲሜትር የሆነ የአንድ ሰው አልጋ ልብስ እንውሰድ። እያንዳንዱ ካሬ ተሰፍቶ ሲያልቅ 15 ሴንቲሜትር ይሁን። በየጎኑ አንድ ሴንቲሜትር ለስፌት ስለሚሄድ 17 በ17 ትቆርጣላችሁ። በወርዱ 10፣ በቁመቱ 13፣ በጠቅላላው 130 ካሬ ነው። 110 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ጣቃ በአንድ ረድፍ ስድስት ካሬ ይወጣል። 130 ለማውጣት 22 ረድፍ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ75 ያህል ያስፈልጋል።

አሁን ገበሩን አስሉ። ገበር ከፊቱ በየጎኑ 10 ሴንቲሜትር መብለጥ አለበት፤ ሲሰፋ ይሰበሰባል፣ ይንሸራተታልም። ስለዚህ 170 በ215 ይሆናል። ብዙ ሰው ጨርቁን በቁመት ሁለት ጊዜ ይቆርጥና 4 ሜትር ከ30 ያወጣል። አግድም አዙሩት። 170 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን ሲሰፉ 218 ይመጣል። ልክ ልክ ቢሆንም ይበቃል። የወሰደው 3 ሜትር ከ40 ነው። በማዞር ብቻ 90 ሴንቲሜትር ተረፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ገበሩ የበላው ጨርቅ ከፊቱ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። ጨርቅ በዝቶብኛል የምትሉ ሰዎች ካሬ በመቁረጥ ብቻ ልትጨርሱት አትሞክሩ። ያን ትልቁን፣ አበባው ያስጠላችሁን፣ መጋረጃ ሊሆን ተገዝቶ የቀረውን አውጡና ገበር አድርጉት። ገበር ከአንድ ዓይነት ጨርቅ መሆን አለበት ያለ የለም። አራት አምስት ትልልቅ ቁራጭ ተገጣጥሞ ጥሩ ገበር ይወጣዋል። አቡጀዲም ዋጋው ቀለል ያለ፣ ለመርፌ የሚመች ገበር ነው፤ ቀድሞ መታጠብ ግን አለበት፣ ይሰበሰባል።

መሃሉ ላይ ምን ይግባ? ለዚሁ ተብሎ የሚሠራውን፣ ባቲንግ የሚባለውን በቀላሉ አላገኘሁም።

ውጭ አገር ያላችሁ በሜትር የሚሸጠውን ታገኛላችሁ። ማሸጊያው ላይ የስፌት መስመሮቹ ቢበዛ ምን ያህል መራራቅ እንደሚችሉ ተጽፏል። ያንን አንብቡ፣ አክብሩትም።

አገር ቤት ላላችሁ ያረጀ ጋቢ ድንቅ ነገር ነው። አራት ድርብ ጥጥ ነው፣ ታጥቦ ታጥቦ የሚሰበሰበውን ያህል ተሰብስቧል። አራቱም ድርብ አንድ ላይ ከገባ ግን ለመርፌ ይከብዳል። ስፌቱን ፈትታችሁ ሁለት ድርብ ብቻ ተጠቀሙ፤ የቀረው ለሌላ ሥራ ይሆናል። ጥለቱን ቁረጡት። ፊቱ ነጣ ያለ ከሆነ የጥለቱ ቀለም ከሥር ያሳብቃል። የተቀደደ ቦታ ካለው ሁለቱን ጠርዝ ሳትደራርቡ አጋጥማችሁ በእጅ ወስውሱት። ከተደራረበ ከላይ ጉብ ብሎ ይታያል።

ስስ ብርድ ልብስም ይሆናል። ወፍራሙን ግን አትሞክሩ፤ ሲያልቅ የማይታጠፍ፣ ሲታጠብ የማይነሳ ይሆንባችኋል።

ባዘቶ መጠቀም የሚፈልጉ ሰዎች ይጠይቁኛል። ይቻላል። የድሮ ሰዎችም በየአገሩ በዚህ ነው የሠሩት። ነገር ግን ልቅ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ወደ ጥግ ይሸሽና ይጓጉላል። ስለዚህ የስፌት መስመሮቹ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ መራራቅ የለባቸውም። ትዕግሥቱ ካላችሁ ያምራል።

ቆላ የምትኖሩ፣ ድሬዳዋም ሆነ አፋር፣ መሃሉን ጨርሶ መተው ትችላላችሁ። ቤንጋል ውስጥ ሴቶች ካንታ የሚሉትን የሚሠሩት ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው በእጅ በመወስወስ ነው፤ ጥጥ አይገባበትም። በእኛም ቤት ያረጁ ሁለት ነጠላዎች ወይም አንሶላዎች ለዚህ ይሆናሉ። ገልፍ አገሮች ያላችሁ ግን ለኤሲው የሚሆን ትንሽ ወፈር ያለ ይሻላችኋል።

የእግር ሲንጀር የስፌት መኪና ነው ያለኝ። ሦስቱን ድርብ ይችላል?

ይችላል። ቀጥ ያለ መስመር እንጂ ሌላ አይሰፋም፣ እኛም የምንፈልገው ቀጥ ያለ መስመር ነው። መርፌውን በቁጥር 90 ወይም 100 ቀይሩ። ስፌቱን ወደ 3 ሚሊሜትር አርዝሙት። እግሩ ጨርቁን አጥብቆ የሚጫን ከሆነ ጫናውን አላሉት።

ዋናው ሥራ ግን ከመኪናው በፊት ነው። ገበሩን የተገላቢጦሽ ጎኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ መሬት ላይ ወጥሩት፤ ዳርና ዳሩን በፕላስተር ያዙት። መሃሉን አንጥፉበት። ፊቱን ከላይ አድርጉ። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር እየሄዳችሁ በረጃጅም ስፌት ወስውሱ፤ መስመሩ በየ15 ሴንቲሜትሩ ይሁን። ይህ ሥራ ያሰለቻል፣ ጉልበትም ያማል። ግን እሱን የዘለለ ሰው ገበሩ ላይ የተጨማደደ ነገር ሰፍቶ ያገኛል፣ መፍታቱ ደግሞ ከመስፋት ይብሳል።

መኪናው ላይ ስትሰፉም ከመሃሉ ጀምሩ። በቀኝ የሚቀረውን ጠቅልላችሁ ያዙ። ክብደቱ ከጠረጴዛው ወደ ታች እንዳይንጠለጠል ከጎን ወንበር አስጠጉ፤ ጨርቁ ሲጎትት መርፌው ይጣመምና ይሰበራል። መስመር ለማስመር ያለቀች የሳሙና ስባሪ ትበቃለች፣ ልብስ ሰፊዎችም የሚጠቀሙት እሷን ነው። እስክሪብቶ አትጠቀሙ።

መኪና የለኝም፣ ወይም ይህን ሁሉ መስፋት አልፈልግም። አቋራጭ አለ?

አለ፣ ደግሞም የሚያሳፍር አቋራጭ አይደለም፦ መቋጠር። ወፍራም የጥጥ ክር ወይም የጥልፍ ክር ወስዳችሁ ከላይ ወደ ታች ታስገባላችሁ። ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አልፋችሁ ወደ ላይ ታወጣላችሁ። አንዴ ቀኙን በግራው ላይ፣ አንዴ ግራውን በቀኙ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ አጥብቃችሁ ትቋጥራላችሁ። ጫፉን 2 ሴንቲሜትር ትታችሁ ትቆርጡታላችሁ።

ከላይ ባሰላነው አልጋ ልብስ አራት ካሬዎች የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ላይ ብትቋጥሩ 108 ቋጠሮ ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ይጨርሰዋል። መገናኛው ላይ ብዙ ስፌት ስለተደራረበ መርፌው እንቢ ካለ፣ ቋጠሮውን ከመገናኛው ትንሽ ገባ አድርጉት። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ በ15 ሴንቲሜትር ርቀት ሲቋጠር አይንቀሳቀስም። ባዘቶ ከሆነ ግን መቋጠር አይበቃውም።

ለዓመታት የተቀመጡ ሥራዎች ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ሞክሩ። ብርድ ሲመጣ የሚለበሰው ያለቀው ነው።

ቤቴ ጠባብ ነው። መሬት ላይ የምዘረጋበት ቦታ የለኝም።

በቁራጭ ሥሩት። 35 ወይም 40 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ትልቅ ካሬ ገጣጥሙ። መሃሉንና ገበሩን በዚያው መጠን ቆርጣችሁ ሦስቱን እዚያው ስፉ። ዳር ዳሩን 2 ሴንቲሜትር ሳትሰፉ ተዉት። ይህ በጉልበት ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ታክሲ ተራ ላይ ቆማችሁም ትወስውሱታላችሁ። ካሬዎቹ ሲበቁ ፊታቸውን ከፊታቸው ትሰፋላችሁ፣ መሃሉን ጫፍ ለጫፍ ታጋጥማላችሁ፣ ገበሩን ከኋላ አጥፋችሁ በእጅ ትዘጋላችሁ። ከባዱ ነገር መጨረሻ ላይ ብቻ ይመጣል።

ጠርዙን እንዴት ልቀምቅም?

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ገበሩን መጠቀም ነው። ሥራው ከተሰፋ በኋላ ፊቱንና መሃሉን እኩል ትቆርጣላችሁ፣ ገበሩን ግን 4 ሴንቲሜትር አስረዝማችሁ ትተዋላችሁ። ከዚያ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ወደ ፊቱ ታመጡና ትሰፉታላችሁ።

የሚበረክተው ግን ለብቻው የሚሰፋው ነው። ጠርዝ መጀመሪያ የሚበላ ቦታ ስለሆነ ድርብ ጨርቅ ይፈልጋል። 6.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ጥብጣቦች ቁረጡ፣ ጫፍ ለጫፍ በሰያፍ ቀጥሏቸው፣ በቁመቱ ለሁለት አጥፋችሁ ተኩሱ። ለ150 በ195 ዙሪያው 690 ነው፤ 30 ጨምሩበት፣ 720 ሴንቲሜትር። ሰባት ጥብጣብ ይበቃል፣ እሱም ከግማሽ ሜትር ጨርቅ ይወጣል። የተለያየ ቀለም ከሆነም ያምራል።

የተቆረጠውን ጠርዝ ከፊቱ ጠርዝ ጋር አስተካክላችሁ ከጎን መሃል ጀምሩ፤ ከማዕዘን አትጀምሩ። ማዕዘን ልትደርሱ አንድ ሴንቲሜትር ሲቀር አቁሙና ክሩን ቁረጡ። ጥብጣቡን ወደ ላይ በሰያፍ አጥፉት። ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች መልሱት፣ የላይኛው እጥፋት ከጠርዙ ጋር እኩል ይሁን። ከጫፉ እንደገና ስፉ። ወደ ኋላ ስትገለብጡት ማዕዘኑ ራሱ ሹል ሆኖ ይወጣል። ኋላውን በእጅ ዝጉት። ጨርቁን በሰያፍ መቁረጥ የሚያስፈልገው ጠርዙ ክብ ከሆነ ብቻ ነው።

ከልብስ ሰፊ የሰበሰብኩት ቁርጥራጭ ምን እንደሆነ አላውቅም። አብሮ ይሰፋል?

መጀመሪያ ለዩት። ከእያንዳንዱ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ውሃ አጠገብ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የሚሸተውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፣ አመዱ ለስላሳ ነው። ፖሊስተር ይቀልጥና ጥቁር ጠንካራ ጉብታ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። የተቀላቀለ ክር ሁለቱንም ያሳያል።

ጥጥ ከጥጥ ጋር አድርጉ። ፖሊስተሩን አትጣሉት፤ እርስ በርሱ ሰፍታችሁ ለመኪና ወንበር ወይም ለጓሮ ምንጣፍ ይሆናል፣ ዝናብም ቶሎ ይለቀዋል። አደጋው ሲደባለቅ ነው። ጥጥ በሚተኮስበት ሙቀት ፖሊስተሩ ያብለጨልጫል፣ አንዳንዴም ይቀልጣል። የሚለጠጥ ጨርቅ ለጀማሪ አይሆንም።

ልባሽ ልብስ ደግሞ ጥሩ የጥጥ ምንጭ ነው። ትልቅ የወንድ ሸሚዝ ከጀርባው ብቻ ስድስት ያህል ካሬ ይወጣዋል። ከመቁረጣችሁ በፊት ወደ ብርሃን አንሱት። ብርሃን በቀላሉ የሚያሳልፍ ቦታ ካለ አልቋል ማለት ነው፣ እሱን አትጠቀሙ። ቁልፎቹን አውጡ።

ቀለም እንዳይለቅብኝ ምን ላድርግ? ጨው ይረዳል?

ጨውም ኮምጣጤም ተቀብቶ የተሸጠን የጥጥ ጨርቅ ቀለም አያስሩም። የሚረዳው መፈተሽ ነው። ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅን አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ መሃል ጨምቁት። ነጩ ከቀላ እሱን ለብቻው ደጋግማችሁ እጠቡ፤ አሁንም ከለቀቀ ተዉት። አዲስ ጨርቅ ሁሉ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። አንዱ ታጥቦ አንዱ ሳይታጠብ ከተሰፋ፣ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ተሰብስቦ ሌላውን ያጨማድደዋል።

የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ ልጠቀም እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ በጣምም ያምራል። ቀሚሱ ሲጠብ ወይም ቡና ሲደፋበት ጥበቡ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይቀራል። ግን የእጅ ሽመና ልል ነው። መቀስ ሲነካው ድርና ማጉ ወዲያው ይለያያል። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት በጀርባው በኩል፣ ኮሌታ ውስጥ የሚገባውን፣ በካውያ የሚጣበቀውን ስስ ጨርቅ ለጥፉበት። እሱ ከሌለ የምትቆርጡበትን መስመር ግራና ቀኝ በመኪና ስፉና በመሃሉ ቁረጡ። የወርቅና የብር መልክ ያለው ክር ካለበት በቀጥታ አትተኩሱት፤ ከላዩ ጨርቅ አድርጉ፣ ሙቀቱን ቀንሱ። ለስፌት የምትተዉትም አንድ ሳይሆን አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ይሁን።

ጥበብ በራሱ ብዙ ይናገራል። በዙሪያው ሌላ አበባ አበባ አታብዙበት። አንድ ጥበብ፣ ዙሪያውን አቡጀዲ፣ በቂው ነው።

በሞት የተለየችኝ የእናቴ ቀሚሶች አሉኝ። መቁረጥ ይከብደኛል።

አትቸኩሉ። ቢያንስ አርባው እስኪያልፍ መቀስ አታንሱ። ከእህት ወንድሞቻችሁም ጋር ተነጋገሩ፤ አንዱ ሊቆርጠው የሚፈልገውን ሌላው ሳይነካ ሊያስቀምጠው ይፈልግ ይሆናል። ልብሱን ለነዳያን መስጠት የቆየ ልማድ ነው፣ እሱን አይከለክልም። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚበቃ ካሬ ከሁለት ቀሚስ ይወጣል፣ የቀረው ሊሰጥ ይችላል። ሁሉንም ከመቁረጣችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። አንዱን ደግሞ ሳትቆርጡ አስቀምጡ። ኪስ ካለው ከነኪሱ ቁረጡት፤ ሰው መጀመሪያ እጁን የሚያስገባው እዚያ ነው።

በጨርቅ ሰውን ማሰብ በሌላውም ዓለም ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኤድስ ለሞቱ ሰዎች ወዳጆቻቸው የሰፉት ታላቁ የመታሰቢያ ኩዊልት እ.ኤ.አ. በ1987 ዋሽንግተን ላይ ተዘርግቷል። እያንዳንዱ ቁራጭ 90 በ180 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የመቃብር ያህል።

ድሪቶ አይመስልም? እናቴ እንግዳ ሲመጣ ደብቂው ትለኛለች።

ስሜቱ ይገባኛል። እኛ ዘንድ የተጣጣፈ ጨርቅ ከማጣት ጋር ተያይዟል። ግን በዓለም ላይ ታላላቅ የሚባሉት ኩዊልቶች ብዙዎቹ የተወለዱት ከዚያው ከማጣት ነው። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል፣ ወንዝ በሦስት ጎን የከበባት ቦታ አለች። እዚያ የሚኖሩት የባሪያ ፍንገላ ሰለባ የነበሩ ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሴቶቹ ያረጀ የእርሻ ልብስ፣ ጉልበቱ የነጣ ሱሪ ሳይቀር እየገጣጠሙ ቤተሰባቸውን ከብርድ ያተርፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በአካባቢው ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። በ2002 ሥራዎቻቸው በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒውዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ታዩ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ በቴምብር ላይ አወጣቸው።

ለዓይን ግን የሚያግዝ ነገር አለ። ጨርቆቹን በቀለም ሳይሆን በደማቅና በፈዛዛ ለዩ። አልለይ ካላችሁ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱት፣ ወዲያው ይታያችኋል። ከዚያ አንድ ደማቅ፣ አንድ ፈዛዛ እያደረጋችሁ ደርድሩ። ሃምሳ ዓይነት ጨርቅ ቢኖርበትም ታስቦበት የተሠራ መሆኑን ማንም ያውቃል። ጠርዙም በአንድ ጥቁር ቀለም ይቀምቀም። እናትሽ ያኔ ራሳቸው እንግዳ ፊት ያነጥፉታል።

ጨርቅ መግዛት ላቁም?

ጨርሶ አቁሙ አልልም፣ አይዘልቅም። የጎደለውን ብቻ ግዙ፦ ገበር የሌለው ሥራ ካለ ለገበር፣ ጠርዝ ለሌለው ለጠርዝ። መርካቶ ስትሄዱ የምትፈልጉትን ሜትር ጽፋችሁ ሂዱ።

ቁርጥራጭ እንዳይቆለል ደግሞ እንደተረፈ ቁረጡት። ሁለት መጠን ብቻ ይኑራችሁ፤ 17 በ17 ካሬ፣ እና 6.5 ሴንቲሜትር ጥብጣብ። ካሬው ፊት ይሆናል፣ ጥብጣቡ ጠርዝ። ካሬ የማይወጣውን ጥብጣብ አድርጉት፣ ጥብጣብ የማይወጣውን ለትራስ መሙያ ወደሚሆነው ከረጢት ጣሉት። 130 ካሬ ሲሞላ የሚቀጥለው አልጋ ልብስ ተቆርጦ ተቀምጧል ማለት ነው። በላስቲክ አፍናችሁ አታስቀምጡ፣ ይሻግታል። ፀሐይም ያለበት ቦታ አይሁን።

በጣም ትንንሹንስ?

ለትኩስ ድስት መያዣ፣ ለጀበና ማስቀመጫ፣ ለመሶብ ሽፋን ይሆናል። ለትኩስ ነገር የሚሆነው ግን ጥጥ ብቻ ነው፤ ፖሊስተር እጅ ላይ ይቀልጣል። በቀረው ክርና ብጥስጣሽ መከዳ ሙሉበት። ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ሙሉት፣ ሲቀመጡበት ይሰምጣል።

ለአራስ ስጦታ ልስፋ?

ስፉ፣ 90 በ110 ይበቃል። ለእናትየው ግን ንገሯት፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ልቅ የአልጋ ልብስ ሲተኛ አልጋው ውስጥ መግባት የለበትም፣ ሊያፍነው ይችላል። እስከዚያ መሬት ላይ አንጥፋ ታጫውተው። ቋጠሮና ቁልፍ ያለበት አይሁን፣ ልጅ ነቅሎ ወደ አፉ ይከታል።

ሲያልቅ እንዴት ይታጠባል?

በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና። በእጅ ከሆነ ትልቅ ሳፋ ውስጥ በእግር ርገጡት፣ አትጠምዙት። ሲረጥብ በጣም ይከብዳል፤ በአንድ ጫፍ ከተሰቀለ ስፌቱ ይበጠሳል። ሁለት ገመድ ላይ አጋድማችሁ፣ ገበሩን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ አስጡት። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ በመጠኑ ተጨማዶ ይወጣል። እሱን አትተኩሱት፤ እንዲያ ነው የሚያምረው።